ቀይ ነጥብ ያለባቸው ቀኖች

ባለቤቴ ዕቃ አጣቢ ናት። ይህን ስናገር አንድም ቀን ድምፄን ዝቅ አድርጌ አላውቅም ብል ውሸታም ነኝ። ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ስለ ኑሮዬ መጠየቁ አይቀርም። «ባለቤትህ ምን ትሠራለች?» ሲሉኝ «ላቦራቶሪ ውስጥ ናት» እልና መቀሴን ይዤ ወደ ጆሯቸው እጠጋ ነበር። ብረት ጆሮው ሥር ሲንቀሳቀስ ማንም ሰው ወሬ አይጨምርም። ዛሬ ግን የጠየቀኝም ያልጠየቀኝም ታሪኳን ይሰማል፤ ያውም ከሥር ከመሠረቱ።

የምትሠራው አንድ የምርምር ተቋም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረጅሙ መተላለፊያ መጨረሻ ትልቅ መስኮት ያለው ጠባብ ክፍል አለ፤ ሁለት ገንዳ፣ አንድ ማድረቂያ፣ ጣሪያ የሚነካ መደርደሪያ። ከሃያ ዓመት በላይ የቆመችው እዚያ ነው። ተመራማሪዎቹ ጠዋት ንጹሕ ብርጭቆ ይወስዳሉ፣ ከሰዓት በኋላ የቆሸሸውን ይመልሳሉ። እሷ በሳሙና ታሻለች፣ ሦስት ጊዜ በቧንቧ ውኃ፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ በተጣራ ውኃ ታለቀልቃለች። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሳቸዋለች። ውኃው እንደ ስስ ጨርቅ ተዘርግቶ ከወረደ ዕቃው ጸድቷል። ጠብታ ጠብታ እየሆነ ከቆመ ግን ዓይን የማያየው ቅባት አለበት፤ ወደ ሳሙናው ይመለሳል።

ይህን ያሳዩዋት አባቷ ናቸው። አማቼ ዕድሜ ልካቸውን የመስኮት መስታወት ሲቆርጡና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ ከእኛው ጋር ነው የሚኖሩት። ሚስታቸው ስትሞት ባለቤቴ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ታናናሾቿን እንድታሳድግ ከትምህርት ቤት አስቀሯት። ስለዚህ ነገር ቤታችን ውስጥ አይወራም። ብቻ ልጅ ሆና መስታወት ታቀብላቸው ስለነበር የመስታወትን ጠባይ ከእጃቸው ተማረች።

ደብተር እንድትይዝ ያዘዛት የለም። አንድ ጊዜ አንዱ ተመራማሪ መርዝ የነካውን ብልቃጥ ሳይናገር ከሌላው ጋር ደባልቆ አምጥቶላት ኖሮ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የገዛ ራሷን ሕግ አወጣች። ቀኑን፣ ያመጣውን ሰው፣ የዕቃውን ብዛት ትጽፋለች። መርዝ የነካው ከሆነ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ታደርግበታለች፤ ያ ዕቃ ለብቻው በረኪና ውስጥ ያድራል። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁባት፣ ኋላ ለመዱት። «እትዬ ጋ ሳታስመዘግብ ብልቃጥ አትመልስ» መባል መጣ። እዚያ ቤት ሁሉም «እትዬ» ነው የሚሏት፣ ከፕሮፌሰሩ በስተቀር። እሳቸው የክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «አንቺ» ብለዋታል። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ልማድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ወጣት ተመራማሪ መጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትሄድ የጋዋኗ ጫፍ ከኋላ የሚከተላት። ባለቤቴ «ሽውታ» ብላ ስም አወጣችላት፤ እኔም በዚሁ ልጥራት። ሽውታ ለዶክትሬቷ የምትሠራው ሥራ መርዝ ይፈልግ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ ምንነቱን የማላውቀውን ነገር አላጥብም ባይ ናት፤ ጠየቀቻት። ልጅቱም ደስ ብሏት አስረዳቻት፣ ባለቤቴም ማታ እራት ላይ ለእኔ አስረዳችኝ። እንዲህ ነው ነገሩ።

ሙቀት ሲበረታ የረጋ ሐይቅ ላይ አረንጓቴ ይንሳፈፋል። ከዚያ አረንጓቴ አንዳንዱ ማይክሮሲስቲን የሚባል መርዝ አለው፤ የጠጣው ከብት ጉበቱን ተመቶ ይሞታል። ሐይቅ ዳር የሚኖር ይሸሸዋል፣ የላቦራቶሪ ሰው ግን ፈልጎ ያስመጣዋል። በሕዋሳችን ውስጥ ኢንዛይም የሚባሉ ጥቃቅን ሠራተኞች አሉ፤ አንደኛው ፕሮቲን ላይ ምልክት ይለጥፋል፣ ሌላኛው የተለጠፈውን ይነቅላል። ሽውታ ማየት የምትፈልገው የተለጠፈውን ምልክት ነበር። ሕዋሱን ሰብራ እስክታይ ድረስ ግን ነቃዩ ዝም ብሎ አይጠብቃትም፤ አንድ ሳያስቀር ይለቅመዋል። መርዙ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከዓይን በማይገባ መጠን ጠብ ሲል ነቃዩን ኢንዛይም ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል፣ ምልክቱም ባለበት ይቆያል።

«ሌባ ቤትህ ገብቶ ዕቃ ሊያወጣ ሲል እጁን አፈፍ አድርጎ እንደ መያዝ ነው» አለችኝ ባለቤቴ። እኔም በማግስቱ ሱቄ ውስጥ ይህንኑ ለሦስት ሰዎች አስረዳሁ። ያን ጊዜ ግን ከማን እንደሰማሁት አልተናገርኩም።

ሽውታ ሥራው ተሳክቶ እንደሆነ የምታውቀው እንደ ራጅ ባለ ፊልም ነው። ፊልሙ ላይ ጥቁር መስመር ከወጣ መርዙ ነቃዩን ይዞታል ማለት ነው። ባዶ ከሆነ አልያዘውም። መጀመሪያ ሰሞን ጥርት ያለ ጥቁር መስመር ወጣላት፣ መተላለፊያው ውስጥ እየዘለለች ለባለቤቴ ሳይቀር አሳየቻት። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ሥራ በዚያው አኳኋን ደገመችው፤ ፊልሙ ባዶ። ደገመችው፤ ባዶ። ደግሞ አንድ ቀን መስመሩ ብቅ ይላል። እንዲህ እያለ ሰባት ወር ሄደ። መርዙን ከሌላ ድርጅት አስመጣች። ኢንዛይሙን ቀየረች። የፍሪጁን ሙቀት ጠዋትና ማታ መዘገበች። ፊቷ ከሰል መሰለ፣ መዝለሉ ቀረ። ባለቤቴ ብስኩት ይዛላት መሄድ ጀመረች፤ ልጅቱ ምሳ መብላት ትታ ነበርና።

ችግር ሲጠና ሰው የሚወነጅለው ይፈልጋል። አንድ ሰኞ ስብሰባ ላይ ፕሮፌሰሩ ያልተመረመረ ነገር ምን ቀረ ብለው ጠየቁ፤ አንዱ «የዕቃ እጥበቱ» አለ። ብልቃጦቹ ላይ የሳሙና ትራፊ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ሳሙና ደግሞ መርዙንም ኢንዛይሙንም ያበላሻል። ነገሩ ለሁሉም አሳማኝ መሰላቸው። ባለቤቴን አስጠሯት። ፕሮፌሰሩ አልተቆጡም፤ ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ሥራ የታጠበ ብርጭቆ እንደማያስፈልግና በአዲስ የፕላስቲክ ቱቦ ብቻ እንደሚሠራ፣ የሽውታ ብልቃጦችም ታሽገው መጋዘን እንደሚገቡ ነገሯት። «ሳሙናውን ትንሽ ቀነስ አድርጊ» ብለውም መከሯት።

ያን ዕለት ቤት ስትገባ ነገሩን ከፊቷ አየሁት። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አለችኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እጄ አመድ አፋሽ ነበር ማለት ነው። ከሁሉ የባሰባት ደግሞ አባቷ ሰምተው እንደሆነ ነው፤ በሩ ክፍት ነበር። ሰምተዋል። መጥተው እጅሽን አምጪ ብለው መዳፏን በጣታቸው ዳበሱት፤ በረኪና የበላው ቆዳ ነው። «ይቺ እጅ ሳሙና አታስቀርም» አሉና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ብልቃጦቹ መጋዘን ከገቡ በኋላ ወር አለፈ። በዚያ ወር ውስጥ ሽውታ ስምንት ጊዜ ሞከረች። ስምንቱም ጊዜ ፊልሙ ባዶ ሆነ። ድሮ አንዳንዴ ብቅ ይል የነበረው መስመር ጭራሹን ጠፋ። ልጅቱ የጥናቱን ርእስ ልትለውጥ ነው፣ ምናልባትም ትታው ልትሄድ ነው ተባለ።

ባለቤቴ ይህን የሰማችው እዚያው ገንዳዋ አጠገብ ቆማ ነው። ቅዳሜ ዕለት ሱቄ ምሳ አመጣችልኝ፣ በልቼ ስጨርስ የምሳ ዕቃውን ማጠብ ጀመረች። አመሏን አውቀዋለሁ፤ ነገር ስታሰላስል ከንፈሯን ወደ ውስጥ ትጠባለች። ድንገት ዞር ብላ የፕላስቲኩን ዕቃ ዓይኔ ሥር አመጣችው። ወጡ የነካው ቦታ ላይ ቀይ ቅባት ተጣብቆ ቀርቷል። ሦስት ጊዜ በሳሙና አሽታዋለች፣ አልለቀቀም። አጠገቡ የውኃ ብርጭቆዬ ነበረ፤ እሱም ያንኑ ቅባት ነክቶት ነበር፣ አንዴ ለቅለቅ ስታደርገው ጠራ።

«ፕላስቲክ ይይዛል» አለች። «እኔን ሲያስወጡኝ ሥራው ባሰበት አይደል? ጥፋቱ የኔ ሳሙና ቢሆን ኖሮ ሊሻለው ነበር የሚገባው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። የመከርኳት እንድትተወው ነው። እነሱ የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆንብሻል፣ ተሳስተሽ ብትገኚ ሥራሽንም ታጫለሽ አልኳት። ፈራሁላት ብል እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። ግማሹ ደግሞ እኔም እንደ እነሱ አጣቢ ምን ያውቃል ማለቴ ነበር። እሷ የምሳ ዕቃውን በፎጣ አደረቀች፣ ከረጢቷ ውስጥ ከተተች፣ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ደብተሯን በብብቷ ይዛ ወደ ሽውታ ጠረጴዛ ሄደች። የሆነውን ሁለቱም በየራሳቸው ስለነገሩኝ እንዳየሁ አድርጌ ባወራው አትታዘቡኝ።

ልጅቱ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነበር። ባለቤቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አታውቅም። የተሳካልሽን ቀኖች አንድ በአንድ ንገሪኝ አለቻት። ልጅቱ ግራ ገባት፣ ግን ለእሷ እምቢ ማለት አልቻለችም፤ የራሷን መዝገብ ከፈተች። የሽውታ መዝገብ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ፤ የመርዙ ጠርሙስ ቁጥር፣ የክፍሉ ሙቀት፣ የኢንዛይሙ ዕድሜ። መርዙን በውኃ አቅጥና ያቆየችበትን ዕቃ በተመለከተ ግን የተጻፈው «ቱቦ» ብቻ ነው። የብርጭቆ ይሁን የፕላስቲክ አይልም። ዕቃ ማን ይጽፋል?

ባለቤቴ ጽፋዋለች። የፕላስቲክ ቱቦ አንዴ ከተሠራበት ቢጫ ከረጢት ውስጥ ይጣላል እንጂ ወደ እሷ አይመጣም። ወደ እሷ የሚመጣው ብርጭቆ ብቻ ነው፤ መርዝ ነክቶት ከሆነም ቀይ ነጥብ አለበት። ሽውታ ብርጭቆ የምትጠቀመው መጋዘን ውስጥ ፕላስቲክ ሲያልቅ ነበር። ስለዚህ ቀይ ነጥብ ያለበት ቀን የብርጭቆ ቀን ነው፣ ነጥብ የሌለበት የፕላስቲክ።

ልጅቱ ቀን ትጠራለች፣ ባለቤቴ ገጽ ትገልጣለች።

«የመጀመሪያው፣ የዘለልኩበት» አለች ሽውታ።

«ቀይ ነጥብ አለው፤ አራት ብልቃጥ።»

«ሁለተኛው የተሳካው ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው።»

«አለው፤ ስድስት ብልቃጥ።»

አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ልጅቱ ወደ ደብተሩ ተጠጋች። በሰባት ወር ውስጥ ሠላሳ አንድ ጊዜ ሞክራለች፣ የተሳካላት አሥራ ሁለት ጊዜ ነው። አሥራ ሁለቱም ቀን ቀይ ነጥብ ነበረበት። ነጥብ የሌለበት የተሳካ ቀን አንድም አልተገኘም። ባለቤቴ ግን በዚህ አልረካችም። በእሷ ደብተር ላይ በሽውታ ስም ያለው ነጥብ አሥራ ሦስት ነው፤ አንዱ ተርፏል። ብርጭቆ ሆኖ ያልሠራበት ቀን አለ ማለት ነው፣ እሱን ፈልጊልኝ አለች። ሽውታ ገለበጠች። በዚያ ቀን ገጽ ላይ «መብራት ሌሊቱን ጠፍቶ አድሮ ሕዋሶቹ ሞተዋል፤ ቢሆንም ሞከርኩት» ተብሎ ተጽፏል።

ልጅቱ መዝገቡን ዘግታ ተነሳች። ከዚያ «እትዬ፣ ወደ ፕሮፌሰሩ ከእኔ ጋር ይምጡ» አለቻት። ባለቤቴ ጋዋኔ እርጥብ ነው አለች። «እንዳለ ይሁን» አለች ሽውታ።

ፕሮፌሰሩ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አድርገው ሲያዩ ቆዩ። ሊሆን ይችላል አሉ፤ መርዙ የሚጨመረው እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ፣ ከፊሉ እንኳ የፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ቢጣበቅ ውኃው ውስጥ የሚቀር የለም። ግን ደብተር ብቻውን አይበቃም፣ መሞከር አለበት አሉ። ሙከራውን ራሳቸው አዘጋጁ። የቀጠነውን መርዝ በሦስት ብርጭቆና በሦስት ፕላስቲክ አድርገው በረዶ ላይ አንድ ሰዓት አቆዩት። ከዚያ ሁሉንም ወደ ስድስት አንድ ዓይነት ብልቃጥ አዛወሩትና ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ሰጡት፤ የትኛው ከየት እንደመጣ ሽውታ እንዳታውቅ። የቁጥሩን ምስጢር ወረቀት ላይ ጽፈው ፖስታ ውስጥ አሸጉት። ፖስታውን ማን ይያዘው ሲባል ዘወር ብለው ባለቤቴን አዩ። «አንቺ ያዢው» አሉ።

ሁለት ቀን ሙሉ ያ ፖስታ የጋዋኗ ኪስ ውስጥ ነበር። ቤት ይዛው መጣች፣ ምክንያቱም መሳቢያ ውስጥ ትቼው ብመጣ ሰው ቢነካውስ ብላ። እኔ ወደ ብርሃን አንስተን እናጮልቅ አልኳት፣ ለቀልድም ለቁም ነገርም። እንዴት እንዳየችኝ ልነግራችሁ አልችልም። አማቼ ከወዲያ ሆነው ሳቁብኝ፤ «አንተ ሰውዬ፣ እሷን ገና አታውቃትም» አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ኖረናል።

በሦስተኛው ቀን ፊልሙ ወጣ። የክፍሉ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ሁለት፣ ሦስትና ስድስት ቁጥር ላይ እንደ ቀለም የጠቆረ መስመር አለ። አንድ፣ አራትና አምስት ባዶ ናቸው። ባለቤቴ ፖስታውን ለፕሮፌሰሩ ሰጠቻቸው፣ እሳቸው መልሰው ለእሷ ሰጡና እንድታነብ ጠየቋት። ቀደደችው። «ብርጭቆ» አለች፣ «ሁለት፣ ሦስት፣ ስድስት።»

ሽውታ መጥታ አንገቷን አቀፈቻት። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እትዬ» አሉ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «ጥፋቱን እርስዎ ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ። ሳልመረምር ነው የፈረድኩት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ባለቤቴ እርስዎ የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ጥልቅ ሲል፣ ዘወር ብዬ ከኋላዬ ማን ቆሞ ነው ልል ምንም አልቀረኝም ነበር ትላለች። ኋላ ግን ራሷን ሰብስባ መለሰችላቸው። «ይቅር ለእግዚአብሔር። እንግዲያው ብልቃጦቼን ከመጋዘን ያስወጡልኝ፤ አቧራ ሳይጠጡ።»

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ካርቶኑን ተሸክመው ወደ ክፍሏ አመጡላት። ሁሉንም እንደገና አጠበቻቸው።

ያን ዕለት ቤት ስትመጣ ነገሩን እስክትጨርስ ድረስ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። ሲያበቃ ተነስቼ «እርስዎ፣ ምን ላቅርብልዎ?» አልኳት። ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ግን ቅዳሜ ዕለት ያልኳትን አነሳሁ፤ ንቄሽ ነበር፣ አውቃለሁ አልኳት። «እኔም አውቄዋለሁ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደንበኞቼ ምን ትሠራለች ሲሉኝ መቀሱን አስቀምጬ ነው የምመልሰው።

ጥቂት ቆይተው ፕሮፌሰሩ ሲያነቡ፣ ሌላ ቦታ ያሉ ተመራማሪዎችም ይህ መርዝ ፕላስቲክ ላይ እንደሚጣበቅ ቀደም ብለው ጽፈውት አገኙ። የእኛዎቹ ሳያነቡት ኖረዋል። ሽውታ ይህን ለባለቤቴ ስትነግራት እንዳይከፋት ፈርታ ነበር። ባለቤቴ ግን አንገቷን ቀና አደረገች፤ «እነሱም አገኙት? እንግዲያው አልተሳሳትንም» አለች።

ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ ውኃ ወረደ። ሽውታ የሰባት ወሩን ድካም እንኳ አልጣለችውም፤ በባለቤቴ ደብተር እየለየች ከብርጭቆዎቹ ቀኖች የሚበጀውን አወጣች። በዓመቱ ጥናቷ ሊታተም ደረሰ። የጸሐፊዎቹ ስም ሲዘረዘር ልጅቱ የባለቤቴንም ስም አስገባች። ፕሮፌሰሩ አመነቱ። መጨረሻው ላይ በምስጋና ቢጠቀስ ይበቃል፣ ደንቡም እንዲያ ነው አሉ። ሽውታ ፕሮፌሰሩን ስትሞግት ያ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሥራው ሲበላሽ ስማቸውን ጠርተናል» አለቻቸው። «ሲቃናስ ለምን እንረሳዋለን?»

ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን አንድ ቀን አሳድረው ፈረሙበት። ስሙ ባለበት ቀረ።

ልጅቱ ጥናቷን በአዳራሽ ያቀረበችበት ቀን ሱቄን ዘጋሁ። አማቼን ሙሉ ልብስ አልብሼ፣ ራሴ ጢማቸውን ላጭቼ፣ በክንዳቸው ደግፌ ሄድን። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን፤ ባለቤቴ በመካከላችን። የክት ቀሚሷን ለብሳ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ደብቃ ነበር። መብራቱ ደብዘዝ አለ፣ ግድግዳው ላይ የጥናቱ ርእስ ወጣ፣ ከርእሱ ሥር አራት ስሞች።

አማቼ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ምን ይላል አሉኝ። ርእሱን አነበብኩላቸው፤ ግማሹ ለእኔም አልገባኝም። ከዚያ ስሞቹን አነበብኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ የልጃቸውን ስም፣ ቀጥሎም የእሳቸውን ስም ጠራሁ።

«የኔን ስም ምን አመጣው?» አሉኝ።

«የአባቷ ስም ነዋ፤ እርስዎ አይደሉ እንዴ አባቷ?»

እንደገና አንብብልኝ አሉ። አነበብኩላቸው። ሦስተኛ ጊዜም ጠየቁኝ፤ ከፊታችን ያለው ሰውዬ ዞር ብሎ እስኪያየን ድረስ አነበብኩላቸው። ብርሃን ብቻ በሚያይ ዓይናቸው ወደ ግድግዳው አፍጥጠው ቀሩ፣ ስሙ ከጠፋ በኋላም።

ልጅቱ ተናግራ ስትጨርስ ጥያቄ መጣ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ምሁር፣ ብርጭቆና ፕላስቲኩን ለማወዳደር እንዴት እንዳሰቡ ጠየቁ፤ ብዙዎች ይህን ስተው ዓመታት ያቃጥላሉ አሉ። ሽውታ ፈገግ አለች። «ይህን የሚመልሱት እትዬ ናቸው» አለችና በእጇ አመለከተች።

አዳራሹ ሙሉ ዞረ። ባለቤቴ ተነሳች። እጆቿን መጀመሪያ ከኋላዋ አደረገች፣ ከዚያ ተወቻቸውና ወደ ፊት አመጣቻቸው።

«ብዙ አይደለም» አለች። «እኔ ሳሙና ታስቀሪያለሽ ተብዬ ነበር። ብልቃጦቼ ሲወጡ ሥራው ባሰበት። የታመመ ሰው መድኃኒቱን ሲነጥቁት እንደሚብስበት ማለት ነው። ከዚያ ደብተሬን አየሁ። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ አጉል ወሬ ነበር የሚሆነው።»

ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው አጨበጨቡ። አዳራሹ ተከተላቸው። እኔም አጨበጨብኩ፤ መዳፌ ፍም እስኪመስል። ሰው በገዛ ሚስቱ መኩራት ነውር ከሆነ ያን ቀን ነውረኛ ነበርኩ።

በሩ ላይ ፕሮፌሰሩ ወደ እኛ መጡ፣ አማቼን እጃቸውን ጨበጡና አባቷ እርስዎ ነዎት ወይ ብለው ጠየቁ። አማቼ የፕሮፌሰሩን እጅ ሳይለቁ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አዎ» አሉ። «ከስምንተኛ ክፍል ያስቀረኋትም እኔ ነኝ።»

ቤታችን ውስጥ ሃያ ዓመት አፍ ያላወጣው ነገር ሰው መሐል ወጣ። ባለቤቴ አባቷን በወገባቸው ያዘቻቸው። «አባባ፣ መስታወት ማየት ያሳዩኝም እርስዎ ነዎት» አለቻቸው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ሳታለቅስም። ደረጃውን ሦስታችንም ቀስ ብለን ወረድን። አማቼ ድጋፍ አልፈልግም አሉ።

ባለቤቴ ዛሬም ያው ክፍል ውስጥ ናት። በር ላይ ያለው ጽሑፍ ተቀይሮ «የላቦራቶሪ ዕቃዎች ኃላፊ» ይላል፤ እሷ ግን ምን ትሠሪያለሽ ሲሏት አጥባለሁ ነው የምትለው። አዲስ የሚመጣ ተመራማሪ ሁሉ የመጀመሪያውን ሳምንት እሷ ዘንድ ያሳልፋል። ሽውታ ዶክተር ሆና ሌላ ተቋም ተቀጠረች። አልፎ አልፎ ደብዳቤ ትልካለች። ባለፈው ሳምንት የመጣው ስለ ሌላ መርዝ ነው፣ ከእንጉዳይ የሚገኝ፤ በብርጭቆ ይሻላል ወይስ በፕላስቲክ ብላ ትጠይቃለች። ባለቤቴ እሑድን ሙሉ መልሱን ስትጽፍ ዋለች። ብዙ የጻፈች መስሎኝ አንብቢልኝ አልኳት። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁለት መስመር ነው።

«ልጄ፣ እኔ ይህን መርዝ አላውቀውም። በሁለቱም ሞክሪና የወጣልሽን ጻፊልኝ።»